ነጭ ክር በጥቁር ዘንግ ላይ

ሐሙስ ዕለት ከዐስር ሶላት ጀምሮ ኸውላ ከመስኮቱ አልተነቀለችም። አባቷ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት «ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው» አለች። በዚያ ወር ዓደን ውስጥ ነፋስ የሚባል ነገር እንደሌለ አባትም ልጅም ያውቃሉ፤ አባት ግን ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከታች፣ ቃሂራ በሚባለው የሸይኽ ዑስማን ሰፈር ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሰው አጭቃ የምትዞር ዳባብ የሚሏት ሚኒባስ ባቆመች ቁጥር የኸውላ ልብ ከዳባቧ በር ጋር አብሮ ይከፈታል። የሚወርደው ወይ ጫቱን በፌስታል ያንጠለጠለ ጎረቤት ነው፣ ወይ ልጇን የታቀፈች ሴት። ፋሩቅ አልወረደም።

ፋሩቅን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ማዓላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ወደቡ በሚያስገባው ቅያስ፣ ከባልንጀራው ከኢሳም ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚሠራ ወጣት ነው። ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሳውን ዓይነት ዘንግ አታስቡ። የፋሩቅ ዘንግ እንደ ልብስ በልክ የሚሠራ ነው። የአጥማጁን ቁመት ያያል፣ ክንዱን ይጨብጣል፣ ከድንጋይ ላይ ነው ከጀልባ የምታጠምደው ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ባዶውን ጥቁር ዘንግ መርጦ እጀታውን ይሞርዳል፣ የማጥመጃው ናይለን የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በየቦታቸው ያስቀምጣል። ቀለበቶቹን በክር ጠምጥሞ ማሰርና ከእጀታው በላይ በባለቀለም ክር ጌጥ ማውጣት ደግሞ የኸውላ ድርሻ ነው።

እሷ የምትሠራው ቤቷ ሆና ነው። ዘንጉን በሁለት የእንጨት ባላ ላይ ታስተኛለች። ክሩን በአንድ አሮጌ ወፍራም የስልክ ማውጫ ገጾች መሀል ታሳልፈዋለች፤ መጽሐፉ ክሩን ጨብጦ ስለሚይዝ ሲወጣ ውጥር ብሎ ይወጣል። በግራ እጇ ዘንጉን ታዞራለች፣ በቀኟ ክሩን ትመራለች። ክር ከክር ጎን እየተኛ ይሄዳል፣ በመሀሉ ፀጉር አያስገባም። ቅጠል ታወጣለች፣ የዓሣ ቅርፊት ታወጣለች፣ አንዴም አንድ መርከበኛ ለምኗት የማዓላን ፎቆች ደርድራለታለች። ባሕር ዳር ሰው «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ ፋሩቅ «አንድ ባለሙያ» ብሎ ወሬ ይቀይራል፤ ጆሮው ግን ይቀላል።

በሁለቱ መሀል የሚመላለሰው ወንድሟ ሙንተሰር ነው። ሙንተሰር በሸይኽ ዑስማንና በማዓላ መሀል ዳባብ ይነዳል። ዘንጎቹን በተሳፋሪ እግር ሥር ያጋድማቸዋል፤ ተሳፋሪው ይቆጣል፣ እሱ ይስቃል። ኸውላና ፋሩቅ ፊት ለፊት የተነጋገሩት ሙያውን ሊያስተምራት ቤታቸው ይመጣ በነበረበት ሰሞን ብቻ ነው፤ ያኔም የሚያየው ወለሉን ነበር። ከዚያ በኋላ የሄደውና የመጣው ሁሉ «እጇ ይባረክ በላት»፣ «ቀዩ ክር አልቋል በለው» ነው። ሆኖም ከዚህ ቃል ሥር ሌላ ነገር እንዳለ ኸውላ ካወቀች ቆይታለች። ቀስ ብሎ የሞረደውን እጀታ ስትይዝ ደህና መዋሉን ታውቃለች። የተከፋ ቀን የሞረደውንም ትለየዋለች።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ሐጅ ከማሉዲን ደሴ ተወልደው፣ በልጅነታቸው የመናዊ አባታቸውን ተከትለው የመጡ፣ ሸይኽ ዑስማን ገበያ ውስጥ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የፋሩቅ እናት ዘምዘም ደግሞ ከከሚሴ ተነስታ፣ በጀልባ ባሕር ተሻግራ፣ ከከተማው ዳር፣ ቢር ፈድል እርሻ ላይ ቲማቲም እየለቀመች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ሐጅ ከማሉዲን «እኛ በፓስፖርት የመጣን ሰዎች ነን» ማለት ይወዳሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ሐበሺ ብሎ እንደሚጠራቸው የረሱት ይመስላል።

በዚህ ላይ ፋይሰል መጣ። ፋይሰል ጅዳ ሱቅ ያለው፣ ሶላቱን የማይዘል፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ኸውላ ነውር ልታወጣለት ብትሞክርም አላገኘችም፤ ነውር ቢኖረው ነገሩ እንዴት በቀለላት። ዘመዶቹ ኸውላን ሊጠይቁለት ዓርብ ከመግሪብ በኋላ ሊመጡ ተቀጠረ።

ወሬው ማዓላ ሲደርስ ፋሩቅ አንድ ዘንግ ላከ። ከዘንጉ ጋር ሙንተሰር መልእክቱን በቃል ይዞ መጣ፤ «ይህ ዘንግ ገዢ የለውም አለ። ከእጀታው በላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሐሙስ ከዐስር በኋላ እናቴን ይዤ አባትሽ ፊት ልቅረብ ወይ? ና ካልሽኝ በነጭ ክር ሙዪው፣ ቅር ካልሽ በጥቁር። በአፍ አትንገሪኝ፣ እምቢ ስትይ መስማት አልችልም አለ።» ይህን ብሎ ሙንተሰር ራሱን ነቀነቀ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ይሄ ሰውዬ ግን ሚስትም ሊቀርበት ነው።»

ኸውላ አልሳቀችም። በሯን ዘግታ፣ በሁለት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች መሀል፣ ነጩን ክር ሙሉ ቀን ጠመጠመች። በሕይወቷ እንዲህ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። ረቡዕ ጧት በነጠላ ጠቅልላ ለሙንተሰር ሰጠችው፤ እሱም ሱቁ ውስጥ ኢሳምን ብቻ ስላገኘ ለኢሳም አስረክቦት ሄደ። ፋሩቅ ልቡ አልቆም ብሎት ባሕር ዳር ወርዶ ነበር።

እነሆ የሐሙስ መግሪብ አዛን ተሰማ። ኸውላ ከመስኮቱ ተነሳች። ለብሳው የዋለችውን አዲስ ቀሚስ አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ቁምሳጥን ውስጥ መልሳ አስገባችው። እጥፋቱ እስኪስተካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ከዚያ ቁምሳጥኑ ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች።

* * *

ዓርብ ጧት ሙንተሰር ፊቱን አጥቁሮ ገባ። በእጁ ያንኑ ዘንግ ይዟል፤ አሁን የተጠቀለለው በአዲስ ጨርቅ ነው።

«ፋሩቅ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሏል» አለ፣ ዘንጉን አልጋው ላይ ወርወር አድርጎ። «ለፋይሰል የሠርግ ስጦታ ይሁን አለ።»

ኸውላ የሰማችውን አላመነችም። «ምን ይሁን አለ?»

«ስጦታ! ወላሂ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው ያደረው። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ነጭ ነው የምትጠመጥሚው ብዬ እኔ ስደሰት፣ በጥቁር ጠምጥመሽ ትሰጪኛለሽ? እኔንም መልእክተኛውን አላሳፈርሽኝም?»

«ጥቁር? እኔ?»

ጨርቁን ገፈፈችው። ከእጀታው በላይ ሁለቱ ቀያይ መስመሮች እንዳስቀመጠቻቸው ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው ግን ጥቁር ነው። ለአፍታ ራሷን ተጠራጠረች። ከዚያ ጣቷን ስታሳርፍበት ለሰለሰ፣ እንደ መስታወት። ኢፖክሲ ተቀብቷል፤ ክሩ እንዳይፈታ በመጨረሻ የሚቀባውና ደርቆ የሚያብለጨልጨው ሙጫ። ዘንጉን ወደ መስኮቱ ወስዳ አጋደለችው። በብርሃኑ ውስጥ፣ ከሙጫው ሥር፣ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተኝተው ታዩ።

ነጭ ክር እንዲህ ነው። ኢፖክሲ ከመቀባቱ በፊት ቀለሙን የሚጠብቅለት ሌላ ቅባት ካልቀደመለት ሙጫውን ጠጥቶ ውኃ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ዘንግ ብቻ ይታያል። ይህን ያስተማራት ፋሩቅ ራሱ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ወለሉን እያየ። የማንንም ስሕተት ከሩቅ የሚለይ ሰው የራሱን ነገር ሲያይ ዓይኑ ጠፋ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ለካ እውነት ነው። እምቢታ ሲጠብቅ ሰንብቶ ጥቁር መሳይ ነገር ሲያይ አልቀረበውም፣ አልዳሰሰውም፤ ጠቀለለና ላከው።

ኸውላ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ነገሩን ስታስረዳው ሙንተሰር ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ያ ኢላሂ! አሁኑኑ ልደውልለት» ብሎ ስልኩን አወጣ።

«ለማን ነው የምትደውለው?»

ሐጅ ከማሉዲን በሩ ላይ ቆመዋል። ለጁምዓ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፣ ሽቷቸው ከሩቅ ይሸታል። ዘንጉን አዩ፣ የልጃቸውን እርጥብ ፊት አዩ። ሙንተሰር ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ኸውላ መዋሸት ትችል ነበር። ዘንጉ ተበላሽቶ ነው ብትል ያምኗታል። ግን ከነጩ ክር ጀምራ እስከ ኢፖክሲው ሁሉንም ነገረቻቸው። አባቷ አላቋረጧትም።

«በጀልባ የመጣችውን፣ የዚያችን ሴት ልጅ?» አሉ በመጨረሻ።

«ስም አላት አባ። ዘምዘም ትባላለች።»

«ፋይሰል ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ስለ ፋይሰል ሳስብ ልቤ ዝም ይላል አባ። ከማዓላ ዘንግ ሲመጣ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። እስኪቆምልኝ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ነው ሥራ የምጀምረው።»

ሐጅ ከማሉዲን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ እናትሽ ስኳር ጀመረሽ ብዬ ስንት ሌሊት ተጨንቄአለሁ።»

ኸውላ እጃቸውን ልትይዝ ስትል ግን ድምፃቸውን የነጋዴ ድምፅ አደረጉት።

«ስሚኝ። ለፋይሰል አጎት ኑ አልኩ እንጂ ቃል አልሰጠሁም። ይህ ዘንግ የሰው ዕቃ ነው፣ እኛ ቤት አይውልም፤ ከጁምዓ በኋላ ወንድምሽን ይዘሽ ሄደሽ መልሺ። ግን የከማሉዲን ልጅ ባል ለምና አታውቅም። ና አትዪውም። ነጭ ነበር አትዪውም። ዘንጉን ሰጥተሽ ትመለሻለሽ። ራሱ አይቶ፣ በራሱ እግር ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመጣ እሰማዋለሁ። ካልመጣ ለፋይሰል አጎት እጄን እዘረጋለሁ፣ አንቺም ትቀበያለሽ። ተስማማን?»

«ተስማማን አባ።»

«አንተም!» አሉ ወደ ሙንተሰር ዞረው። «ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። የዳባቡን ቁልፍ እቀማሃለሁ።»

ሐጅ ከማሉዲን ወጡ። ኸውላ ዘንጉን እቅፏ ውስጥ አስገብታ ቆመች፤ ተስፋና ፍርሃት እኩል ደረቷን ሞሉት።

* * *

ማዓላ ዓርብ ከሰዓት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የፋሩቅ በር ግን ገርበብ ብሏል። ኢሳም ጥግ ላይ ተቀምጦ መንጠቆ ይለያል፤ ፋሩቅ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አንድ እጀታ ይሞርዳል። ሞረዱ የሚወጣበት ድምፅ የተከፋ ሰው ድምፅ ነው፤ ኸውላ ደጃፉ ላይ ሆና ለየችው።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

ሞረዱ ከፋሩቅ እጅ ወደቀ። ዞረና አያት፤ ዛሬ ወለሉን ማየት ረሳ። ጢሙን አልተላጨም፣ ከንፈሩ ደርቋል። ኸውላ ያን ፊት ስታይ የአባቷን ቃል፣ ፀሐይዋን፣ ፋይሰልን፣ ሁሉንም ትታ «ነጭ ነበር!» ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ጥርሷን ነከሰች።

«ዕቃህን ልንመልስ ነው የመጣነው» አለች።

«ስጦታ ነው እኮ» አለ ፋሩቅ። ድምፁ ሻክሯል። «ለቤታችሁ... ለሠርጋችሁ።»

«ጉድለት ያለበት ስጦታ አንቀበልም።»

ይህ ነካው። ፍቅሩን ብትንቅበት ይችለው ይሆናል፤ ሥራውን ስትንቅ ግን ቀና አለ። «ምን ጉድለት አለበት?»

«አስተማሪዬ አንተ ነህ። ፈልገው።»

«አልፈልግም ኸውላ። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። እባክሽ ሁለተኛ እንዳየው አታድርጊኝ።»

ሙንተሰር ሳል ያዘው። የሚያውቀውን መዋጥ ያልለመደ ሰው ነውና ፊቱ ቀልቶ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ሳለ። ኸውላ በክርኗ ጎሸመችው። በመሀል ኢሳም ከጥጉ ተነሳ።

«ጉድለት ካለው የኔ ነው» አለ ደረቱን እየመታ፣ ወደ ፋሩቅ ዞሮ። «አንተ ባሕር ዳር ስትጠፋብኝ፣ መጥተህ ተዘጋጅቶ እንድታገኘው ብዬ እኔ ነኝ ኢፖክሲውን የቀባሁት። መብራት ጠፍቶ በእጄ እያዞርኩ ነው ያደረቅኩት፣ ወላሂ ክንዴ ወልቆ ነበር። ቀለም ጠባቂው ቅባት አልቆ ስለነበር ዘለልኩት። ለአንዲት ስንዝር ቦታ ምን...»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኢሳም ገና እያወራ ፋሩቅ እጁን አነሳበት። ፋሩቅ ዘንጉን ከኸውላ እጅ ተቀበለ፤ ጣቶቻቸው አልተነካኩም። በአጠገቧ አልፎ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ወጣ። ከእጀታው በላይ ያለውን ቦታ ወደ ዓይኑ አቅርቦ ቀስ አድርጎ አዞረው።

ኸውላ የምታየው ጀርባውን ነው። ትከሻው መጀመሪያ ደረቅ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ዝቅ አለ። በአውራ ጣቱ ጥፍር፣ ከሙጫው ላይ፣ የተኙትን ክሮች አንድ በአንድ ይቆጥር ይመስል ዳሰሳቸው።

«ኸውላ» አለ ሳይዞር። «ይሄ ክር...»

«እኔ ዘንግ ልመልስ ነው የመጣሁት» አለች። ቃሏን ጠበቀች፤ እንባዋን ግን መጠበቅ አልቻለችም፣ በሒጃቧ ጫፍ ላይ ይወርዳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ዞረ። «ጥያቄ ጠይቄሽ፣ መልስሽን በቅጡ ሳላይ ሸሸሁ።»

«አዎ።»

«ትናንት ስትጠብቂኝ ዋልሽ?»

ይህን እንድትመልስ አባቷ አልከለከሏትም። «ከዐስር እስከ መግሪብ» አለች።

ፋሩቅ ግንባሩን በዘንጉ ላይ ደፋው። ሌላ ቃል ሳይወጣው ኸውላ ወንድሟን በእጅጌው ጎትታ ወጣች። ትንሽ ብትቆይ ቃሏን እንደምታፈርስ ታውቃለች። ዳባቧ ስትነሳ ወደ ኋላ ዞራ አየች፤ ፋሩቅ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሟል። እመጣለሁ አላለም። ሸሽቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መሸሽ ይቀለዋል ብላ አሰበች።

* * *

ቤት ሲደርሱ ሙንተሰር «ቤንዚን ልቅዳ» ብሎ ዞሮ ሄደ። ኸውላ ወጥ ቤት ገባች። ሽንኩርት ከተፈች፤ ለማልቀሻ ሰበብ እንዲሆናት እንጂ የሚሠራ ወጥ አልነበረም። ሐጅ ከማሉዲን እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዐስር አለፈ። የመስኮቱ ብርሃን ቢጫ ሆነ። የሐጅ ስልክ ጠራ።

«አዎ... አላህ ይስጥልን... ልትነሱ ነው?» አሉ። የፋይሰል አጎት ነው። ቀጥለውም «ኢንሻአላህ፣ መልሼ ልደውል» አሉ።

ከታች ዳባብ ቆመች። ኸውላ ቢላዋውን እንደያዘች ተንደርድራ መስኮቱ ጋ ደረሰች። የወንድሟ ዳባብ ናት፤ ተሳፋሪ አልጫነችም። ከፊት ሙንተሰር ወረደ፤ «ራሳቸው በእግራቸው ሲመጡ መንገድ ላይ አግኝቼ ነው!» አለ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ። ከኋላ ፋሩቅ፣ ተላጭቶ፣ ሰፋ ያለ የኢሳምን ኮት ደርቦ ወረደ። ዞሮም እጁን ሰጥቶ አንዲት አጭር፣ ጎበጥ ያለች፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት አወረደ። ዘምዘም ከእርሻ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ላይ የቢር ፈድል አፈር አለ። ልብስ ለመለወጥ ጊዜ አልነበረም።

ኸውላ ከእንግዳ መቀበያው በር መጋረጃ ጀርባ ቆመች።

ደረጃው ላይ እርምጃ ተሰማ። ሐጅ ከማሉዲን ፊታቸውን አኮሳትረው ጠበቁ። ፋሩቅ ሰላምታ ሰጥቶ ገባ። ዘምዘም ግን ደጃፉ ላይ ቀረች። ምንጣፉን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ገና አልገባችም።

«እኔ እዚሁ እሆናለሁ» አለች። «ልጄ ይግባ፣ ለእሱ ነው የመጣሁት። እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ቤትዎ ሰላም ነው? ልጆችዎ ደህና ናቸው? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ደጅዎን የሰላም ደጅ ያድርገው፣ ክፉ አይግባበት፣ ደግ አይራቅበት...»

ምርቃቱ ቀጠለ፤ ወሎዎች ሰላም ሲሉ እንደሚያወርዱት፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳያቋርጡ። ኸውላ በመጋረጃው ክፍተት አባቷን አየቻቸው። መቁጠሪያው ቆሟል። አባታቸው እጃቸውን ይዞ ወደ ዓደን ሲያመጣቸው እናታቸው ደሴ ቀርታ ነበር፤ ይህን ለልጆቻቸው አንድ ጊዜ ነግረዋል፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቃቸውም። ሐጅ ከማሉዲን ቀስ ብለው ተነሱ። ወደ ደጃፉ ሄዱ።

«አንቱ ካልገቡ ልጅዎም አይገባም» አሉ። ኸውላ አባቷ በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። «ይግቡ። ከነጫማዎ ይግቡ።»

ዘምዘምን ከላይ፣ ከራሳቸው ቦታ ላይ አስቀመጧት። ራሳቸው ሳይቀመጡ ወደ ፋሩቅ ዞሩ።

«እህ፣ ተናገር።»

ፋሩቅ ቆመ። ኸውላ መጋረጃውን ጨበጠች። እሱም ዓይኑን ከወለሉ አነሳ።

«ሐጅ፣ ልጅዎን ኸውላን በአላህና በመልእክተኛው ሱና እንዲሰጡኝ ልለምን ነው የመጣሁት። ትናንት መምጣት ነበረብኝ። ፈርቼ ቀረሁ።»

«በክር ቀለም የፈራህ ሰው» አሉ ሐጅ፣ «ነገ ሥራ ሲጠፋ፣ ጥይት ሲተኮስ፣ ልጅ ሲታመም፣ ልጄን ጥለህልኝ ትሸሻለህ?»

«እፈራለሁ ሐጅ። አልዋሽዎትም፣ ፈሪ ነኝ።» እናቱን አየት አድርጎ ቀጠለ። «ዛሬ ግን አጥቻት እንደነበር ሳውቅ ከእሱ የሚበልጥ ፍርሃት እንደሌለ አየሁ። ከእንግዲህ የምሸሽበት ቦታ ቢኖር እሷ ጋ ነው።»

ሙንተሰር ደጃፉ ላይ ሆኖ አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። ሐጅ ከማሉዲን ስልካቸውን አንስተው ለፋይሰል አጎት ደወሉ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አሉ። «አትነሱ። ፋይሰል ወርቅ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳችሁ። ነሲብ፣ ዕጣቸው አልሆነም። ነገ ራሴ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ስልኩን ዘግተው ወደ መጋረጃው መጡ። ኸውላ ትንፋሻቸውን ትሰማለች። በጨርቁ ማዶ አባቷ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው አለ።

«ሰምተሻል?» አሉ።

«ሰምቻለሁ አባ።»

«መልስሽስ?»

ቀኑን ሙሉ ያንን ቃል ስትውጥ ውላ፣ አሁን በተፈቀደላት ሰዓት የወጣው ሹክሹክታ ነው፤ «እሺ።»

«ጮክ በዪ» አሉ ሐጅ ከማሉዲን፣ የራሳቸው ድምፅ እየተሰበረ። «እናቱ ትስማ።»

ኸውላ መጋረጃውን ገለጠችና፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ «እሺ!» አለች።